የክላራ ሹማንን ደብዳቤዎች ከየት ልጀምር? የጠፉትስ ነገር?

የማታ አንባቢ

ሰላም ለሁላችሁ። ፒያኖ የጀመርኩት ካደግሁ በኋላ ነው። አስተማሪዬ የጀርመናዊውን የሙዚቃ ደራሲ የሮበርት ሹማንን አጫጭር ሥራዎች ሰጠችኝ። እነሱን እየተለማመድኩ ስለ ሰውየው ማንበብ ጀመርኩ። ቀልቤን የወሰደችው ግን ሚስቱ ክላራ ሆነች።

እስካሁን የያዝኩትን ላስቀምጥ (ዓመቶቹና ወሮቹ ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1819 ላይፕዚግ ተወለደች። አባቷ ፍሬድሪክ ቪክ የፒያኖ አስተማሪ ነበር፤ ገና በዘጠኝ ዓመቷ መድረክ ላይ አወጣት። ሮበርትን ለማግባት አባቷን ፍርድ ቤት መግጠም ነበረባቸው። በ1840 ተጋቡ፤ ስምንት ልጆች ወለዱ። በ1854 ሮበርት ራሱን ራይን ወንዝ ውስጥ ወረወረ። ከወንዙ ቢያወጡትም ቦን አጠገብ ኤንደኒኽ በሚባል ቦታ የአእምሮ ሕመምተኞች ማገገሚያ ገባ፤ እዚያው በ1856 አረፈ። እሷ ከዚያ በኋላ 40 ዓመት ያህል ኖራለች። በየአገሩ እየዞረች ኮንሰርት ሰጠች፤ ከ1878 ጀምሮ ደግሞ ፍራንክፈርት በሚገኘው የዶክተር ሆኽ ኮንሰርቫቶሪ አስተማረች።

አሁን ደብዳቤዎቿን ላነብ ነው። ከሮበርት ጋር የተጻጻፈችው አለ፣ ከሙዚቃ ደራሲው ዮሃንስ ብራምስ ጋር አለ፣ ከቫዮሊኒስቱ ዮአኺም ጋርም አለ። ብዛቱ ያስፈራል። ከየትኛው ልጀምር?

ሁለተኛው ጥያቄ ነው ይበልጥ የሚያብሰለስለኝ። ክላራና ብራምስ የተጻጻፉትን ደብዳቤ አንዱ ለሌላው መልሰው ብዙውን አጥፍተዋል አሉ። እንግዲህ የተረፈውን ብቻ አንብቤ ሴትየዋን አወቅኋት ማለት እችላለሁ? ወይስ እንድናይ የፈቀዱልንን ብቻ ነው የማየው? ያነበባችሁ ካላችሁ እባካችሁ።

ዝምተኛው

እኔ ብሆን ከብራምስ እጀምራለሁ፤ ያውም ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት። በ1853 መኸር ዱሰልዶርፍ ቤታቸውን ሲያንኳኳ እሱ 20 ዓመቱ ነበር፣ እሷ 34። ሮበርት ሲታመም ብራምስ እዚያው ከተማ ሆኖ ቤተሰቡን አገዘ። የቤቱን የወጪ መዝገብ ሳይቀር ይሞላ ነበር። እሷ ለኮንሰርት ስትወጣ የጻፈላትን አንብቢ፤ እሳት ነው።

በ1887 ደብዳቤያቸውን ተመላለሱ። እሱ ከተመለሰለት ብዙውን አጠፋ። እሷም የራሷን ማጥፋት ጀምራ ነበር፤ ትልቋ ልጇ ማሪ ለምና አስቆመቻት። ዝም ብሎ ጓደኝነት ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ ምን ያስፈልግ ነበር? እኔ ፍቅር ነበር ባይ ነኝ።

የፒያኖ አስተማሪ

እህቴ፣ ጥያቄሽ ደስ ብሎኝ ነው የምመልሰው። ፒያኖ ሳስተምር ነው የኖርኩት። እነዚህ ደብዳቤዎች ደግሞ ከኖታዎቼ ጎን ካለው መደርደሪያ ወርደው አያውቁም።

መጀመሪያ ለዝምተኛው አንድ ነገር ልበል። ብራምስ ያልረካበትን የራሱን ሙዚቃ እንኳ የማይምር ሰው ነበር። የመጀመሪያዎቹን ሁለት የገመድ ኳርቴቶች ከማሳተሙ በፊት ወደ 20 የሚጠጉ ሌሎች ጽፎ እንዳጠፋ ራሱ ተናግሯል። ይህ ሰው ደብዳቤ አጠፋ ብሎ ምስጢር አለ ማለት አይቻልም። ከኋላው የሚመጣ ሰው ጓዳውን እንዲበረብርበት አልፈለገም፤ በቃ። ፍቅር ነበር ወይስ አልነበረም የሚለውን ብቻ ይዞ የሚያነብ ሰው ደግሞ ምርጥ ምርጦቹን ገጾች እየዘለለ ነው የሚሄደው። እነዚያ ገጾች የሚያወሩት ስለ ሥራ ነው። ስለ ጣት፣ ስለ ጉዞ፣ ስለ ኖታ፣ ስለ ገንዘብ።

ስለዚህ እህቴ፣ ምክሬ ከ1868 ጀምሪ ነው። የዚያን ዓመት ደብዳቤዎች በተርታ አንብቢያቸው።

በዓመቱ መጀመሪያ ብራምስ ይጽፍላታል። ይህን የኮንሰርት ዙረት መቀነስ የለብሽም ወይ ይላታል። በቅንነት ነው ያለው። እሷ ግን ቆሰለች። አስቢው፤ ባሏ ከሞተ 12 ዓመት ሊሞላው ነው። ልጆቹን የምታስተምረው፣ የምታሳክመው፣ ቤት የምትከራየው በእነዚያ አሥር ጣቶች ነው። ሮበርት በታመመ ጊዜ ወዳጆች መርጃ ኮንሰርት እናዘጋጅልሽ ቢሏት እምቢ ብላ ራሷ ተጉዛ የተጫወተች ሴት ናት። የመጨረሻ ልጇ ፊሊክስ የተወለደው አባቱ ኤንደኒኽ በገባ በሦስተኛው ወር፣ በሰኔ 1854 ነው። በዚያው ዓመት መኸር እናቱ መንገድ ላይ ነበረች። እንዲህ ላለች ሴት «በቃሽ» ሲባል ምን እንደሚሰማት የመድረክ ሰው ያውቀዋል።

ከዚያ ብርድ ብርድ የሚል ጊዜ ይመጣል። መስከረም 12፣ ልደቷ ሊደርስ አንድ ቀን ሲቀረው፣ ከስዊዘርላንድ አንድ አጭር መልእክት ተጻፈላት። ብራምስ የአልፕስ እረኞች በረጅሙ የእንጨት መለከታቸው ሲነፉ የሰማውን ዜማ በኖታ ጽፎ፣ ከሥሩ ከተራራው አናት ከሸለቆውም ጥልቀት ሺህ ጊዜ ሰላም የሚላት ግጥም አስገብቶበታል። ሌላ ማስታረቂያ የለውም። ያ ዜማ ስምንት ዓመት ቆይቶ የመጀመሪያው ሲምፎኒው የመጨረሻ ክፍል ላይ ብቅ አለ። ኦርኬስትራው ከጨለማው ወደ ብርሃን ሲዞር ሆርኑ የሚነፋው እሱን ነው። ያንን ቦታ ሳዳምጥ የልደት ሰላምታ እንደሆነ ማወቄ ሁሌም ሆዴን ያላውሰዋል።

ግን እሷ በዜማው ተደልላ ዝም አላለችም! በጥቅምት መልሷን ጻፈች። ይህ ደብዳቤ ለእኔ ከሁሉም ይበልጥብኛል። ታላላቅ ሥራዎችን፣ በተለይ የሮበርትን፣ ለሰው ማሰማት የተጠራሁበት ነገር ነው፤ አቅም እስካለኝ ድረስም እጫወታለሁ ትለዋለች። ጥበብ የምተነፍሰው አየር ነው ትላለች። ጩኸት የለበትም፣ ልመና የለበትም። የ49 ዓመት ባለሙያ ለሌላ ባለሙያ ሥራዋ ምን እንደሆነ ታስረዳዋለች። ከዚያም በኋላ ከ20 ዓመት በላይ ተጫውታለች። በልጅነቷ ጀምራ ያጠራቀመቻቸው የኮንሰርት ፕሮግራሞች ከ1,300 በላይ ናቸው፤ የመጨረሻው በመጋቢት 1891 ፍራንክፈርት የተጫወተችበት ነው። ያን ምሽት ያቀረበችው ብራምስ ለሁለት ፒያኖ የጻፈውን «የሃይድን ቫሪየሽኖች» የሚባለውን ሥራ ነበር።

እንግዲህ ሁለተኛው ጥያቄሽ። ለእኔ ከጠፉት ደብዳቤዎች ይልቅ የሚያሳስበው የልጅነት ማስታወሻዋ ነው። «እኔ» እያለ ስለ ራሷ የሚያወራው ማስታወሻ ብዙው ክፍል የተጻፈው በአባቷ እጅ ነው። አባትየው በእሷ ስም ሆኖ «አባቴ እንዲህ አለኝ» እያለ ይጽፋል። አስቢው። ልጅቱ የራሷን ታሪክ አንደኛ መደብ እንኳ አልተዉላትም። ትዳር ስትይዝ ደግሞ ከሮበርት ጋር በየተራ የሚጽፉት የጋራ ማስታወሻ ጀመሩ። እዚያ ውስጥ እሱ ሙዚቃ ሲደርስ ፒያኖ መንካት እንደማትችል፣ ጣቷም ወደ ኋላ እየቀረ እንደሆነ ትጽፋለች። ያንን የሚያነበው እሱ ራሱ ነው። ስለዚህ በሙሉ ድምፅዋ ስትናገር የምንሰማት መቼ ነው ብትዪኝ፣ ብቻዋን ከቀረች በኋላ ነው እልሻለሁ። የ1868ቱን የመረጥኩትም ለዚህ ነው። የጠፋው ጠፍቷል። ይህች ሴት ግን እዚያ ገጽ ላይ በእግሯ ቆማለች።

ከ1868 ቀጥሎ ወደ 1877 ክረምት ዝለዪ። ብራምስ ባኽ ለብቻዋ ቫዮሊን የጻፈውን ሻኮን የሚባል ሥራ ለግራ እጅ ብቻ ለፒያኖ አዘጋጅቶ ይልክላታል። ቫዮሊን አራት ገመድ ያላት ትንሽ መሣሪያ ናት፤ ባኽ በአንድ መስመር ኖታ ላይ ዓለም የሚያክል ሐሳብ አስፍሮባታል ይላል። አጠገቤ ታላቅ ቫዮሊኒስት ሳይኖር የምጽናናው በግራ እጄ ብቻ ስጫወተው ነው፤ ችግሩ፣ የኮርዶቹ አሰባበር፣ ሁሉ ነገሩ ቫዮሊኒስት የሆንኩ ያህል ይሰማኛል ይላታል። እጅሽን ግን እንዳታደክሚ ብሎም ያስጠነቅቃታል።

መልሷ ከኪል መጣ። እዚያ በደረሰች ማግስት መሳቢያ ስትከፍት የቀኝ እጇ ጅማት ተወጥሮባት ኖሯል። ቀኝ እጇ በማይሠራበት ሳምንት የግራ እጅ ሻኮን ከፖስታ ወጣ! ይህ ካንተ በቀር ከማንም አይመጣም ትለዋለች።

እኔ ይህን ሥራ ለተማሪዎቼ ስሰጥ ደብዳቤውን አብሬ ነው የማነብላቸው። ቀኝ እጅ ጭን ላይ ይቀመጣል። ከቫዮሊኑ በአንድ ኦክታቭ ዝቅ ብሎ የተጻፈ ስለሆነ ድምፁ ጠቆር ያለ ነው። አንድ እጅ ባሱን ነክቶ ወዲያው ወደ ላይ መዝለል አለበት፤ ላይ ደርሶ ዜማውን የሚዘምረው አውራ ጣት ነው። ተማሪው መጀመሪያ ሁሉንም ድምፅ በአንድ ጊዜ ለመያዝ ይታገላል፣ ክርኑ ይደርቃል። ቫዮሊን አራቱን ገመድ በአንዴ መያዝ እንደማትችል ሲገባው ነው እጁ የሚፈታው። በዚያን ጊዜ ለክላራ የተባለው «እጅሽን እንዳታደክሚ» ለእሱም የተባለ ይሆናል። የደብዳቤ ጥቅሙ ይህ ነው ለእኔ።

የማታ አንባቢ

መምህር፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የአባትየውን ነገር አላውቅም ነበር፤ ደነገጥኩ። የ1868ቱን ዛሬ ማታ እከፍታለሁ።

አንድ ልጨምር። ስለ አስተማሪነቷ ብዙም አልተባለም። ፕሮፌሰርነቱ እንዴት ነበር? ሴት በዚያ ዘመን ኮንሰርቫቶሪ ስታስተምር ማን ምን አለ? ከተማሪዎቿስ ድምፁ የተቀረጸ አለ?

ሁለተኛ ቫዮሊን

መምህር እስኪመለሱ ድረስ ከእኛ ከቫዮሊኖቹ ወገን አንድ ነገር ጣል ላድርግ። ዮአኺምን አትዝለዪው። ክላራ ከእሱ ጋር ለአሥርት ዓመታት በአንድ መድረክ ተጫውታለች። በ1853 ለቫዮሊንና ፒያኖ የጻፈቻቸውን ሦስት ሮማንሶች ያበረከተችው ለእሱ ነው። ተጫውቻቸዋለሁ። የመጀመሪያው ገና ሲጀምር ቫዮሊኑ እንደሚያስብ ሰው ቀስ ብሎ ነው የሚገባው። ፒያኖው አጃቢ አይደለም፤ እኩል ያወራል።

ያኔ የጻፈች ሴት ሮበርት ከሄደ በኋላ ሙዚቃ መድረስ አቆመች ማለት ይቻላል። በ1835፣ በ16 ዓመቷ፣ የራሷን የፒያኖ ኮንቸርቶ ሜንዴልስዞን ኦርኬስትራውን እየመራላት ያቀረበች ልጅ ነበረች። በ20 ዓመቷ ግን ማስታወሻዋ ላይ ሴት ልጅ መድረስ መመኘት የለባትም ብላ ጽፋለች። እኔን የሚያንገበግበኝ የተቃጠለው ደብዳቤ ሳይሆን ያልተጻፈው ሙዚቃ ነው።

ስለ ማመን ደግሞ፦ ከብራምስ ጋር የተጻጻፈችው በ1927 ታትሞ ሲወጣ ያዘጋጀው በርትሆልድ ሊትስማን ነው። ከሞተች በኋላ ሕይወቷን በሦስት ቅጽ የጻፈውም እሱ ነው። ሁሉም ነገር በቤተሰቡ ፈቃድ ያለፈ ነው። ይህን እያወቅሽ አንብቢ እንጂ ማንበቡንስ አትተዪ።

የፒያኖ አስተማሪ

ሁለተኛ ቫዮሊን፣ ስለ ሮማንሶቹ አፌን ነው የቀደምከው። ስለ ድርሰቱም ቁጭትህ ቁጭቴ ነው።

ወደ አስተማሪነቷ ልምጣ። ኮንሰርቫቶሪው በ1878 ሲከፈት ዳይሬክተሩ ዮአኪም ራፍ ነበር (ከቫዮሊኒስቱ ጋር እንዳይምታታብሽ)። ሌላ ሴት አስተማሪ አልቀጥርም፤ ማዳም ሹማንን ግን እንደ ወንድ ነው የምቆጥራት ብሎ ጽፏል። ሲያመሰግናት ነው እንግዲህ! እሷ ግን በዚያ ቤት የመጀመሪያዋ የፒያኖ አስተማሪ ሆና የራሷን መንገድ ዘረጋች። ፍራንክፈርት ሚሊዩስ ጎዳና በሚገኘው ቤቷ ነበር የምታስተምረው። ልጆቿ ማሪና ዩጂኒ ረዳቶቿ ነበሩ። አዲስ የመጣ ተማሪ ብዙ ጊዜ መጀመሪያ በእነሱ እጅ ያልፋል፤ እጁ ከተስተካከለ በኋላ ነው ወደ እናትየው የሚደርሰው። እስከ 1892 አስተምራለች።

ምን ታስተምር ነበር? ጣት ከቁልፉ አይርቅም። ቁልፉ ይጫናል እንጂ አይመታም። ክንድ ይላላል። የተጻፈው ይነበባል፤ ደራሲው ያላለው አይጨመርም። ፈጣን ሩጫ ላይ ተማሪ ጣቱን ለማሳየት ሲጋልብ አትታገሥም ነበር፤ ከተማሪዎቿ አንዷ አዴሊና ደ ላራ ይህንን ደጋግማ ተናግራለች። ለክላራ ሩጫው ራሱ ዜማ ነው፣ እያንዳንዱ ኖታ መሰማት አለበት። እኔ ተማሪ ሲቸኩል «እስቲ ዝፈነው» እለዋለሁ። በዝግታ ሲያንጎራጉረው የቱን ኖታ እንደዋጠ ራሱ ይሰማዋል።

ድምፅ አለ ወይ ላልሽው፣ አለ! ፋኒ ዴቪስ የሮበርት ሹማንን የፒያኖ ኮንቸርቶ በ1928 ቀርጻዋለች። ደ ላራም በእርጅናዋ ቀርጻለች። ኢሎና አይበንሹትስም አለች። የዴቪስን ፈልገሽ ስሚው። ቅጂው ያሻክራል፣ ትንሽ ታገሺው። ዝግ ያለ ነው ብለሽ ስትጠብቂ ወደ ፊት የሚሄድ፣ የማይንዛዛ አጨዋወት ነው የምታገኚው። ዛሬ ሹማንን በየመስመሩ እየጎተቱ የሚጫወቱትን ከለመድሽ ይገርምሻል።

አንድ ደብዳቤ ጨምሬ ልተውሽ። በ1892 ክላራና ብራምስ በጣም ተጣልተው ነበር። ምክንያቱ የሮበርት ሲምፎኒ ነው። ሮበርት የሬ ማይነር ሲምፎኒውን በ1841 ጽፎ ኋላ ላይ አሻሽሎታል። ብራምስ የመጀመሪያው ይሻላል ብሎ እንዲታተም አደረገ፤ እሷ ደግሞ የባሏን ሥራ ሁሉ አሰናድታ የምታሳትመው እኔ ነኝ ባይ ናት። በልደቷ ቀን የጻፈላት ደብዳቤ የተከፋ ሰው ደብዳቤ ነው። ያንን አንብበሽ ስታበቂ ወደ 1893 ሂጂ። አዳዲስ አጫጭር የፒያኖ ሥራዎቹን እንደገና መላክ ጀምሯል። ከእነሱ አንዱን፣ በሲ (B) ማይነር የተጻፈውን ኢንተርሜትሶ፣ ሲልክላት የሚጋጩ ድምፆች የሞሉበት ነው፣ እያንዳንዱ ኖታ እየዘገየ እንደሚሄድ ሁሉ በዝግታ መጫወት አለበት፣ ከእያንዳንዱ ትካዜው ይመጠጥ ዘንድ ይላታል። እሷ 73 ዓመቷ ነው። ጆሮዋ እያስቸገራት፣ እጇ እያመማት፣ ኖታውን ፒያኖው ላይ ዘርግታ ሞከረችው። ግራጫ ዕንቁ ነው ብላ መለሰችለት።

ሥራው አጭር ነው፣ ቴክኒኩም አያስፈራም። ለአስተማሪሽ ንገሪያትና ከሹማኑ ቀጥሎ ትስጥሽ። ግራ እጅሽን ለብቻው አጥኚው፤ የሚከብደው ድምፆቹን ይዞ መቆየቱ ነው እንጂ ማግኘቱ አይደለም። ፔዳሉን እስክትለምጂው ድረስ አትንኪው።